ጠርሙሱን ስናይ

አርባ ምንጭ
እሑድ፣ የካቲት 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለቀድሞ ወዳጄ፣

ከአምስት ዓመት ዝምታ በኋላ ለሚጻፍ ደብዳቤ ምን ዓይነት ሰላምታ እንደሚስማማ አላውቅም። ያም ሆኖ ሰላም ሳይሉ ወደ ነገር መግባት ያሳደጉኝ ሰዎች ያላስተማሩኝ ነውና፣ እንደምን ከርመሃል? ሥራው እንዴት ነው? ሲበርድ የሚጠዘጥዝህ ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሙቀቱ አንተ እንደምታውቀው ነው፤ በዚህ ወር ከሰዓት በኋላ የዋርዱን ግድግዳ በእጅ መንካት አይቻልም።

እናትህ ደህና ናቸው። የቀረውን ልብህ ሳይንጠለጠል እንድታነበው ብዬ ነው አስቀድሜ የጻፍኩት። አሁን ሴቶች ዋርድ፣ በሩ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ናቸው። ዶክተር ወንደሰን ለአንድ ሳምንት ብዙ እንዳይናገሩ አዟቸው ነበር፤ ቃላቸውን የጠበቁት ግማሽ ቀን ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው እንዴት ዝም ይላል? ትናንት ተማሪ ነርሶቹን አልጋቸው ዙሪያ አቁመው ካርዳቸው ላይ የተጻፈውን እጅ ጽሑፍ ሲያርሙ ደረስኩባቸው።

ዓርብ ዕለት ለሜዲካል ዳይሬክተራችን ለዶክተር ብርሃነመስቀል መደወልህን ሰምቻለሁ። እህትህ ነግራህ ነው አሉ። እናቴ ለምን ያለ ድሬን፣ ደሙን ወደ ጠርሙስ የሚያወጣው ቱቦ ሳይገባላት ተሰፋች፣ ድሬኑን ያስቀረው ማን ነው፣ ያ ሰው ከኦፕሬሽን ክፍል ይውጣልኝ ብለሃል። ዶክተር ብርሃነመስቀል ስሜን አልነገረህም፤ አዝኖልኝ ይሁን ፈርቶህ እንጃ። እኔው ልንገርህ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። ሐሙስ በጉዳዩ ላይ ስብሰባ አለ። አንተም አስተያየትህን በጽሑፍ እንድትልክ ተጠይቀሃል። ይህች ሆስፒታል ዛሬም ያንተን ቃል ትፈራለችና የምትጽፈው ነው የሚጸናው። በስልክ ያልነገርኩህ ድምፅህን ስሰማ የምለው ስለሚጠፋኝ ነው። ስለዚህ ነገ ከጫሞ ዓሣ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣው ለካሚል እሰጠዋለሁ፤ በእጅህ ሳያስረክብ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። አንተ እዚህ ቀዶ ሐኪም በነበርክበት ጊዜ ኦፕሬሽን ክፍላችን የሚተዳደረው በአንድ ቃል ነበር፤ ለማንኛውም። ለማንኛውም ሁለተኛው የመሣሪያ ጥቅል ይከፈት። ለማንኛውም ካቴተር ይግባ። እንቅርት ለወጣለት ሁሉ ለማንኛውም ድሬን ይቀመጥ። ቡአ ሊያሰፋ የመጣ ጎረምሳ እንኳ ለግማሽ ሰዓት ሥራ የሽንት ቱቦ ገብቶለት፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሽንቱ እያቃጠለው ሲራገም ይሰነብት ነበር። አንተ ሄደህም ቃልህ እንደ ሕግ ቀረ። እኔም ከዋርድ ነርስነት ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ተዛውሬ የመጣሁ ሰሞን ማን እንዳዘዘ ሳልጠይቅ እከፍት ነበር።

ዓይኔን የገለጠችው በለጥሽ ናት። ታስታውሳታለህ፣ ጽዳት የምትሠራው፣ ጓሮ ያለውን የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድም የምትይዘው። የዛሬ ሁለት ዓመት በሚያዝያ ዝናብ ጉድጓዱ ሞልቶ ጎርፉ ጓንቱንና ቱቦውን በሸለቆው ወደ ሐይቁ ይዞት ወረደ። በማግስቱ አንድ ባልዲ ሙሉ ለቅማ አምጥታ ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ዘረገፈችው። ደም የነካውን አቃጥይ ስትሉኝ እሺ አልኩ፣ ይኼን ግን ምን ነካው፣ ጭሱ እኮ ወላዶቹ መስኮት ነው የሚገባው፣ የእኔም ደረት አለቀ ብላ ጮኸችብኝ። አፍሬ ሳይሆን ተናድጄ ነበር ጎንበስ ያልኩት። ሳየው ግን ግማሹ ንጹሕ ነው። ለማንኛውም ተብሎ ተከፍቶ ለምንም ያልዋለ። አብሬያት ለቀምኩ፤ ከዚያ ዶክተር ወንደሰንን ጠርቼ አሳየሁት።

እሱ አንተ በሄድክ በዓመቱ የመጣ ወጣት ቀዶ ሐኪም ነው፤ ፍጥነትህ የለውም፣ ሲጠይቁት ግን አይቆጣም። ከእሱ ጋር ሆነን ቀስ በቀስ ጀመርን። ጥቅሉ ሐኪሙ ሲጠራው ብቻ ይከፈታል አልን። ካቴተር ምክንያቱ ካልተጻፈ አይገባም አልን። የሚጣለውን መሸፈኛ ትተን ታጥቦ በአውቶክሌቭ ወደሚቀቀለው ጨርቅ ተመለስን። በመጨረሻ ድሬኑ ላይ ደረስን። ዶክተር ወንደሰን ጥናቶቹን ሲያገላብጥ ከርሞ፣ ለቀላል እንቅርት ያ ቱቦ መድማትን አያስቀርም፣ ከደማም ደሙ ይረጋና ቱቦውን ይደፍነዋል አለ። እኔ ይህን ለማመን ጥናት አላስፈለገኝም። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። አርባ አንድ ሰው ያለ ድሬን ቀዶ ተደርጎ በሁለተኛው ቀን አገሩ ገባ። የበለጥሽ ጉድጓድ በሳምንት ሦስቴ ይነድ የነበረው አንድ ቀን ብቻ ሆነ። እንዴት እንደኮራሁ ብታይ! አዲስ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ጉድጓዱን አስጎበኝ ነበር።

እናትህ የመጡት በጥር መጨረሻ ነው። እንቅርቱ ጉሮሯቸውን ተጭኖ ጋደም ሲሉ መተንፈስ እያቃታቸው ነበር። ላንተ እንዳይነገርህ የከለከሉት እሳቸው ናቸው። ልጄ ከሰማ አዲስ አበባ ይወስደኛል፣ አርባ ዓመት ጨንቻ ኖሬ በማላውቀው ሰው እጅ አልታረድም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንቺ ካለሽ ይበቃኛል አሉኝ። ደስ አለኝ። ይህን ደስታ ልደብቅህ አልፈልግም። እናቴ ሊሆኑ የነበሩ ሰው እጄን ይዘው ሲያምኑኝ ደስ አለኝ፣ ፈራሁም።

እህትህ ከኦፕሬሽን ሲወጡ አይታ ጠርሙሱ የታለ ብላ ጠየቀችኝ። ጎረቤታቸው የተሠራች ጊዜ ከአንገቷ ቱቦ፣ ከጎኗ ጠርሙስ ነበራት። በዚህ አገር ቱቦ ያልገባለት ሰው እንደታከመ አይቆጠርም፤ ዘመድ የሚጽናናው የተንጠለጠለውን እየቆጠረ ነው። አስረዳኋት። ማስረዳት ብዬህ ነው እንጂ እንደ ተማሪ ገሠጽኳት። ረክታ ሳይሆን አፍራ ጠርሙሱን መጠየቅ ተወች።

ማክሰኞ ዕለት ነው ይህ ሁሉ። የእናትህ ሥራ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በሰላም አለቀና ወደ ዋርድ ሄዱ። እኔ ለሌላ በሽተኛ እስከ ስምንት ሰዓት ቆየሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ነፃ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሄጄ ማየት ነበረብኝ። አልሄድኩም። ሲነቁ ስላንተ እንደሚጠይቁኝ አውቄ ነበር፤ ለምን ተለያያችሁ እንደሚሉኝ። የታጠበ መሣሪያ መልሼ እየጠራረግኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ራሴን ሥራ አስያዝኩት። እሳቸው በዚያ ሰዓት አየር ያጥራቸው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግሬን እየጎተትኩ ስሄድ ዋርዱ በር ላይ ሻሺቱ የምትባል ከጫኖ የመጣች አስታማሚ ያዘችኝ። አጠገባቸው ያለችውን እህቷን ነው የምታስታምመው። በጋሞ አማርኛዋ እማማ እኮ አልተኛም፣ አየር ጠፋበት፣ ነገርኩ፣ ተለካ ደህና ነው አሉኝ፣ አንቺ ግን ቶሎ ግባ አለችኝ። ሮጬ ገባሁ። እናትህ ተቀምጠው የአልጋውን ብረት ጨብጠዋል። ያን ሁሌ አንገታቸው ላይ የሚጠመጥሙትን ነጠላ በዚያ ሙቀት ሁለት ዙር ጠምጥመውታል። የተቆረጠ አንገት ሰው እንዳያይባቸው ነው። ዓመታት እንቅርቱን የሸፈኑበት እጅ ቁስሉንም ሸፈነ። ነጠላውን ስገፍፈው አንገታቸው አብጦ ከአገጫቸው ጋር ተስተካክሏል። ሲተነፍሱ ፉጨት አለው። የከንፈራቸው ቀለም ተለውጧል። ሊናገሩኝ ፈለጉ፣ ድምፅ የለም።

ዶክተር ወንደሰን ሌላ ሆድ ከፍቶ ቆሟል። እሱን ስጠብቅ እንደሚያልፉ አወቅሁ። መቀስ ይዤ ስፌቱን እዚያው አልጋ ላይ፣ በሽተኛ ሁሉ እያየ፣ ከዳር እስከ ዳር ቆረጥኩት። የረጋው ደም እንደ ጉበት ሆኖ እጄ ላይ ወጣ። እናትህ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። እንደዚያ ያለ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እህትህ በዚያ ቅጽበት ነው የገባችው፤ እጄን አየችና ወደቀች። አንተ የሰማኸው በእሷ ዓይን የታየውን ነው፣ አልፈርድባትም። ከዚያ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል እየገፋን መለስናቸው፣ ዶክተር ወንደሰን የምትደማዋን ትንሽ የደም ሥር አግኝቶ አሰራት።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። ጥፋቴ ድሬኑን ማስቀረቴ አይደለም። የዋርዷ ነርስ ናዕማ በየግማሽ ሰዓቱ ደም ግፊት ለክታለች፣ ትኩሳት ለክታለች፣ ሁሉንም አሳምራ ጽፋለች። አንገቱን ግን አላየችም፣ ማንም እዪ አላላትምና። ድሮ ጠርሙሱን ለማንበብ አልጋው አጠገብ ትጎነበስ ነበር፤ ስትጎነበስ ነጠላውን ትገልጥ ነበር። እኔ ጠርሙሱን ሳነሳ ወደ በሽተኛዋ የሚያመጣትን ጉዳይ አብሬ አነሳሁ፣ በቦታው ምንም አላስቀመጥኩም። አርባ አንዱ ደህና የገቡት እኔ ጠንቅቄ ሳይሆን ስላልደሙ ነው። ይህን ሐሙስ ቆሜ እናገራለሁ። ናዕማን ማንም ጣቱን እንዳይቀስርባት።

አሁን ወደዚያ ወደ ተውኩት ነገር መጣሁ። መምጣቴ እንደማይቀር ገና ከመጀመሪያው መስመር አውቀኸዋል።

ሙባረካ። የነጋዴው የጀዋር ባለቤት፣ 2003 ዓ.ም.፣ ዓርብ። ድሬን ነበራት። ጠርሙስ ነበራት። ጀዋር ያን ጠርሙስ አይቶ ተማምኖ ነው ጁምዓ ሊሰግድ የሄደው። የዋርዱ ነርስ እኔ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ መጥቼ ጠርሙሱን አየሁ፣ ሦስት ጊዜ ደረቅ ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ትቁነጠነጣለች ብዬ ጠራሁህ። መጣህ፣ ከእግርጌዋ ቆመህ ጠርሙሱን ብድግ አደረግክና ደረቅ ነው፣ ትተኛ አልክ። ከዚያ እኔን ለምሳ ይዘኸኝ ጫሞ ዳር ወረድን። ዓሣው ገና ሳይቀርብ ሰው መጣብን። አንገቷን የሸፈነውን ሻሿን የገለጥነው ከሞተች በኋላ ነው። ቱቦው ከውስጥ በረጋ ደም ተደፍኖ ነበር። አንተም አየህ፣ እኔም አየሁ። ካርዷ ላይ ያለው የመጨረሻ መስመር በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ቃሉ ግን አንተ ያጻፍከኝ ነው። እዚያ መስመር ላይ የሞቷ ምክንያት ልብ ይላል፤ አንገት የሚል የለም።

ጀዋር አመሰገነን። ትዝ ይልሃል? ዶክተሩ የሚቻለውን ሁሉ አደረገ፣ ቱቦ እንኳ ሳይቀር አስገባላት፣ የአላህ ፈቃድ ነው አለ። አንተ እጁን ጨብጠህ አጽናናኸው። በወሩ ዝውውርህ መጣ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ አምስት ዓመት ኖርኩ። ከእኔ የሸሸኸው ጠልተኸኝ እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። እኔን ባየህ ቁጥር እሷን ልታይ ነው፤ እኔም አንተን ባየሁ ቁጥር እንደዚያው። ያም ሆኖ እዚሁ አብረኸኝ ብትቆይ እመርጥ ነበር።

እና ዓርብ ዕለት ለእናቴ ድሬን ለምን ቀረ ብለህ መጮህህን ስሰማ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው አልኩ። ሌላ ሰው ቢለው አልደነቅም። አንተ ግን ያ ቱቦ የአህያ ባል መሆኑን፣ ከጅብ እንደማያስጥል፣ ከማንም በላይ ታውቃለህ። ድሬን ቢገባላቸው ኖሮ ናዕማ መጥታ ጠርሙሱን ታይ ነበር። ደረቅ ብላ ትጽፍ ነበር። እናትህንም እንደ ሙባረካ እናገኛቸው ነበር።

ሐሙስ የምጠይቀው ይህን ነው። ቱቦው አይመለስ፤ ዓይን ይመለስ። አንገቱ የተሠራ ሰው ሁሉ በሩ አጠገብ፣ ከነርሶች ጠረጴዛ ፊት ባለው አልጋ ይተኛ። እስከ ማታ አንገቱ ራቁቱን ይሁን፤ ነጠላም ሻሽም አይጠምጠም፣ የሚያፍር ካለ መጋረጃ እንስጠው። ነርሷ በየግማሽ ሰዓቱ አንገቱን በእጇ ነክታ ያየችውን ትጻፍ። አስታማሚውም ምን ምን ሲያይ መጮህ እንዳለበት በጋሞኛና በአማርኛ ይነገረው፤ ማንም አስታማሚ ከእንግዲህ ተለካ ደህና ነው ተብሎ አይመለስ። ወረቀቱን ያረቀቀችው ናዕማ ናት። ከእናትህ በኋላ ሁለት ሰው እንዲሁ ተሠርቶ ደህና ነው። እናትህ ራሳቸው ነጠላቸውን አውልቀው አንገታቸውን ለሁለቱ ሲያሳዩ፣ ይኼ ሲገለጥ ነው የተረፍኩት ይላሉ። አንተ ድሬን ይመለስ ብለህ ከጻፍክ ግን ይህ ሁሉ ሐሙስ ይሞታል። በለጥሽ ጉድጓዷን እንደገና ስትለኩስ ትውላለች፣ ነርሶቻችንም ወደ ጠርሙሱ ይመለሳሉ።

ይህን ብዬ እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ግን አንድ ነገር አላስተኛኝም። ስለ እናትህ አንገት እውነት እናገራለሁ ብዬ ስለ ሙባረካ አንገት ዝም ማለት አይሆንም። ቱቦ እንደማያድን በምን አወቅሽ ቢሉኝ የምመልሰው እሷን ነው። እሷን ደግሞ ከባሏ በፊት ኮሚቴ ሊሰማት አይገባም።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሲቀላ ሰፈር ወዳለው የጀዋር ሱቅ ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው ተነስቶ ሰላም አለኝ፣ በርጩማ አወጣልኝ። ቆሜ ነገርኩት። ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ደረቁ፣ ስለ ምሳው፣ ካርዱ ላይ ስለጻፍኩት። ስኳር ሊገዛ የገባ ሰው ነበር፣ ዛሬ አልሸጥም ብሎ መለሰው። ከዚያ የሱቁን አንዱን በር ዘግቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ይምታኝ ብዬም ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሰው ሻሿን ገልጦ አይቶ ቢሆን ትተርፍ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትተርፍ ነበር አልኩት። አምስት ዓመት እኮ ዱዓ ሳደርግላችሁ ነው የኖርኩት አለኝ።

ልወጣ ስል ዶክተሩም ያውቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

አልመለስኩለትም። የእኔን ጥፋት ነግሬዋለሁ፣ በዚያ ምክንያት የሥራ ፈቃዴን ቢነጥቁኝም እቀበላለሁ፤ ያንተን መልስ ግን እኔ ልሰጠው አልችልም። እሱ ራሱ ይንገርህ አልኩት። እስከ ሐሙስ ሱቁን አልዘጋም፣ ይምጣና ይንገረኝ አለ። ለኮሚቴው የምትጽፈውን እንደ ሕሊናህ ጻፍ። ለጀዋር ግን ወረቀት አትላክበት።

እናትህ ደብዳቤ እየጻፍኩልህ መሆኑን አይተው ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ምግብ ይብላ በይልኝ ብለዋል። የጻፍኩትን አላነበብኩላቸውም። የፈራሁትን ጥያቄም ረቡዕ ዕለት ድምፃቸው እንደተመለሰ ጠይቀውኛል። ልጅዎ ራሱ መጥቶ ይንገርዎት ብያቸዋለሁ፤ ይመጣል እንዴ ብለው ደስ ስላላቸው ከዚያ ወዲህ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ።

አምላክ እጅህን ይባርክ፣ ልብህንም ያጽናልህ። መንገዱን የተቃና ያድርግልህ፤ ከሶዶ በኋላ አስፋልቱ ተቆፍሯልና በቀን ተጓዝ።

የእናትህ አስታማሚ